የታደሰ የሰዓት ፊት ዋጋን እንደሚያጐድል

ሰው ከአባቱ ከሚወርሰው ዕቃ ሁሉ የእጅ ሰዓትን ያህል ለሰውነት የቀረበ ጥቂት ነው። መሬት ከሩቅ ይታያል፤ ጋሻ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ መጽሐፍ በሣጥን ይቀመጣል፤ ሰዓት ግን ከባለቤቱ ክንድ ሳይለይ ሠላሳና አርባ ዓመት ከእርሱ ጋራ ወጥቶ ይገባል። ስለዚህ ባለቤቱ ባለፈ ጊዜ ሰዓቱ በልጆቹ ዘንድ እንደ ተራ ዕቃ አይቈጠርም። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ውርስ አከበርሁት ሲል ያበላሸዋል። ይኸውም ያረጀውን የሰዓት ፊት «ይታደስልኝ» ብሎ ለሠራተኛ በመስጠት ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ቃል የታደሰ ፊት በምን እንደሚታወቅና የሰዓቱን ዋጋ ስለ ምን እንደሚያጐድል የሚገልጽ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ይህን ነገር ያወቅሁት በራሴ ስሕተት ነው። አባቴ በ1950ዎቹ ዓመታት የገዙትን የስዊስ አገር የእጅ ሰዓት ትተውልን ዐረፉ። ፊቱ በመጀመሪያ ነጭ ሆኖ ሳለ በዕድሜ ብዛት የብራና መልክ ይዞ ነበር፤ በ4 ቍጥር አጠገብም አንዲት ትንሽ ጥቍር ነጥብ ነበረችበት። ታናሽ ወንድሜ ሚስት ባገባ ጊዜ ይህን ሰዓት ልሰጠው ዐሰብሁ። ለሙሽራ አሮጌ ነገር መስጠት ነውር ስለ መሰለኝም ወደ አንድ ሰዓት ሠሪ ወስጄ «እንደ አዲስ አድርግልኝ» አልሁት። ሰውዬው ያዘዝሁትን ፈጸመ፤ ሰዓቱም እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ወንድሜ እጅግ ደስ አለው። እናቴ ግን ሰዓቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ብዙ ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ «ልጄ፥ ይህ የማን ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወንድሜ ቤት ለመሥራት ገንዘብ ቸግሮት ሰዓቱን ለአንድ ዐዋቂ አሳየው። ያ ሰው በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ መኪናው ጤነኛ መሆኑን፥ ቀፎውም እንዳልተነካካ መሰከረ። ስለ ፊቱ ግን «ይህ ዳግመኛ የተቀባ ነው፤ የጥንቱ ፊት ቢኖር ኖሮ ዋጋው እጥፍ በሆነ ነበር» አለው። እንግዲህ እኔ ገንዘብ ከፍዬ የወንድሜን ሀብት በግማሽ አጐደልሁበት ማለት ነው። ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም፤ ያዘዝሁት እኔ ነኝና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር እየጠየቅሁና እያነበብሁ የተማርሁትን፥ ሌላው ሰው በእኔ ስሕተት እንዳይወድቅ እነሆ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ የሰዓት ፊት ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባል። የብዙዎቹ የስዊስ ሰዓቶች ፊት የተሠራው ከቀጭን የናስ ዝርግ ነው። በጀርባው ሁለት ትንንሽ የመዳብ እግሮች አሉት፤ እነርሱም በመኪናው ላይ በተዘጋጁት ቀዳዳዎች ገብተው ፊቱን እንዳይናወጥ አድርገው ይይዙታል። ላዩ በብር ቅብ ወይም በቀለም ይለብሳል፤ ከዚያም በኋላ ጽሑፉ ይታተማል። ለኅትመቱ ፊደሎቹ አስቀድሞ በብረት ሰሌዳ ላይ ይቀረጻሉ፤ የተቀረጸው ጐድጓዳ ቀለም ይሞላበታል፤ ከጄላቲን የተሠራ ለስላሳ ማኅተምም ቀለሙን ከሰሌዳው አንሥቶ በፊቱ ላይ ያሳርፈዋል። በዛሬው ጊዜ ይህ ማኅተም ከሲሊኮን ይሠራል። እንዲህ ሆኖ የታተመ ፊደል በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጠርዙ ጥርት ያለ፥ ውፍረቱ እኩል፥ ከመሬቱም ጥቂት ከፍ ያለ ነው። እጅግ በከበሩት ሰዓቶች ላይ ደግሞ ጽሑፉ በብረቱ ውስጥ ተቀርጾ ጐድጓዳው በኤናሜል ዱቄት ከተሞላ በኋላ በእሳት ይቀልጣል።

ፊት መሥራት ራሱን የቻለ የእጅ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ስመ ጥሩ የሰዓት ቤቶች ፊቱን በራሳቸው አይሠሩም ነበር፤ በላ ሾ ደ ፎን ከተማ እንደ ሲንጀር፥ በዠኔቭም እንደ ስቴርን ወንድማማቾች ካሉት ባለሙያዎች ያሠሩ ነበር እንጂ። ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው ታላቅ የሰዓት ቤት በገንዘብ ችግር ላይ በወደቀ ጊዜ፥ በ1932 ዓመት የገዙት እነዚሁ ፊት ሠሪዎቹ ስቴርኖች ናቸው። ከዚህም የተነሣ የሰዓት ፊት ለመኪናው መሸፈኛ ብቻ ተብሎ የሚናቅ ነገር እንዳይደለ ይታወቃል።

እንግዲህ ይህ ፊት በዘመን ብዛት ይለወጣል። ፀሐይ ነጩን ወደ ቢጫ፥ ጥቍሩን ወደ ቡና መልክ ይመልሰዋል፤ በመስተዋቱ ጠርዝና በመሙያው በኩል የሚገባው እርጥበት ቀለሙን ያነሣል፤ ቬርኒሱም እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ባለፈው መቶ ዓመት እኩሌታ ላይ የነበሩ ሰዓት ሠሪዎች ፊቱ የጠቈረባቸውን ሰዓቶች ማስቀባትን እንደ ልብስ ማሳጠብ ይቈጥሩት ነበር። ማንንም ለማታለል አልነበረም፤ ሰዓቱ ጊዜ ማያ ዕቃ እንጂ በዘመኑ ብዛት የሚፈለግ ዕቃ አልነበረምና።

የማደሱም ሥራ እንዲህ ነው። ሠራተኛው ቆጣሪዎቹን ያወልቃል፤ ፊቱን ከመኪናው ይለያል፤ የጥንቱን ቀለምና ጽሑፍ በመድኃኒት ወይም በመሞረድ ፈጽሞ ያጠፋል፤ አዲስ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያም ጽሑፉን እንደ ገና ያትማል። ነገር ግን የዚያ ፋብሪካ ሰሌዳ በእጁ ስለሌለ የሚያትመው በእጁ ባለው ተመሳሳይ ፊደል ነው። አንድ ጊዜ የጠፋው የጥንት ኅትመት ተመልሶ የሚገኝበት መንገድ የለም። በማጽዳትና በማደስ መካከል ያለው ልዩነትም ይህ ነው፤ ማጽዳት በላዩ ያረፈውን አቧራ ያነሣል፤ ማደስ ግን የነበረውን አጥፍቶ ሌላ ይተካል።

አሁን የታደሰ ፊት የሚታወቅባቸውን ምልክቶች በየተራ እንናገራለን። ለዚህ ሥራ አንድ አጉሊ መነጽርና መልካም ብርሃን ይበቃል። ከተቻለም የዚያኑ ዓይነት ሰዓት ፊቱ ያልተነካ ሥዕል በአጠገብ አድርጎ ማነጻጸር ይገባል።

አንደኛው ምልክት ፊደል ነው። የሠሪው ስም የተጻፈባቸው ፊደሎች ውፍረታቸው ልዩ ልዩ ከሆነ፥ በመካከላቸው ያለው ርቀት ካልተስተካከለ፥ ጠርዛቸውም በወረቀት ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም የደበዘዘ ከሆነ መጠራጠር ይገባል። ፋብሪካው ስሙን አጣሞ አያትምም።

ሁለተኛው የደቂቃዎቹ መሥመር ነው። በጥንቱ ፊት ላይ እያንዳንዱ የሰዓት ምልክት ከደቂቃው መሥመር ጋራ ፊት ለፊት ይገናኛል። በታደሰው ላይ ግን ብረቶቹ ምልክቶች በቦታቸው ሲቀሩ አዲሱ የደቂቃ ክብ ጥቂት ዞሮ ይታተማልና፥ በ12 ላይ የተስተካከለው በ5 ወይም በ8 ላይ ይዛነፋል። በብረቶቹ ምልክቶች እግር ዙሪያ የተከማቸ ቀለም ቢታይም ምልክቶቹ በቦታቸው ሳሉ እንደ ተቀባ ያስረዳል።

ሦስተኛው ከ6 ቍጥር በታች በጠርዙ ላይ የሚገኘው፥ ሰዓቱ በስዊስ አገር መሠራቱን የሚገልጸው ደቃቅ ጽሑፍ ነው። አዳሹ ብዙ ጊዜ ይህን ይረሳዋል፤ ወይም ከፍ አድርጎ፥ ወይም እኩሌታውን በቀፎው ጠርዝ ሥር ደብቆ ያትመዋል።

አራተኛው የሴኮንዱ ትንሽ ክብ ነው። በብዙ አሮጌ ሰዓቶች ላይ ይህ ክብ ከሌላው ፊት ጥቂት ዝቅ ያለና እንደ ክር የቀጠኑ ተከታታይ ክቦች የተቀረጹበት ነው። አዲስ ቀለም ሲፈስበት ግን ቅርጹ ይሞላና ይጠፋል፤ ጠርዙም ይደነዝዛል።

አምስተኛው በጨለማ የሚያበራው ቀለም ነው። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለዚህ ሥራ ራዲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ይሠራበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ትሪትየም የሚባለው ተተካ። ትሪትየም ያለባቸው የስዊስ ሰዓቶች በግርጌያቸው ካለው የስዊስ ስም ጋራ በላቲን «ቲ» የሚባለውን ፊደል ይይዛሉ። ስለዚህ የመኪናው ቍጥር በ1950 እንደ ተሠራ እየመሰከረ በፊቱ ላይ ይህ ፊደል ቢገኝ፥ ፊቱ ከሰዓቱ ጋራ አብሮ አልተወለደም ማለት ነው፤ ወይ ተለውጧል፥ ወይ ታድሷል።

ስድስተኛው የዕድሜ ስምምነት ነው። ቀፎው ተፍቆ፥ ቆጣሪዎቹ ዝገው፥ በቆጣሪዎቹ ላይ ያለው የሚያበራ ቀለም እንደ ቡና ጠቍሮ ሳለ ፊቱ ብቻውን ትናንት የተሠራ ቢመስል ነገሩ የተስማማ አይደለም። ሰባ ዓመት በአንድ ቤት አብረው የኖሩ ሁሉ አብረው ማርጀት ይገባቸዋል።

ሰባተኛው ጠርዝና ጀርባ ነው፤ ይህ ግን ሰዓቱ ሲከፈት ብቻ የሚታይ ነው። ቀለም ከፊቱ አልፎ ወደ ጐኑ ፈስሶ ይገኛል፤ ከእግሮቹ አንዱ ተሰብሮ በሙጫ ተጣብቆ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም አዳሹ የላይና የታቹን አቅጣጫ እንዳይስት ሲል በጠርዙ ላይ የሞረዳት ትንሽ ቈረጣ ትገኛለች።

ነገር ግን በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ አይገባም። የስዊስ ስም ሳይጻፍባቸው ከፋብሪካ የወጡ ፊቶች አሉ፤ ከመጀመሪያው በጠርዛቸው ላይ ቈረጣ ያላቸውም አሉ፤ በሣጥን ተቀምጦ የኖረ ሰዓትም ፊቱ ሳይታደስ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በሁለትና በሦስት ምስክር ነገር እንደሚጸና፥ ሁለትና ሦስት ምልክት ሲገናኙ ያን ጊዜ ታድሷል ማለት ይቻላል።

በዚህ ስፍራ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚያስፈልግ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የራዲየም ቀለም ዛሬ በጨለማ ባያበራም ኀይሉ አልጠፋም፤ የደከመው ከእርሱ ጋራ የተቀላቀለው ብርሃን ሰጪ ዱቄት ነው እንጂ የራዲየሙ እኩሌታ ለመጥፋት 1600 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በአሜሪካ በኒው ጀርሲ አገር በኦሬንጅ ከተማ የሰዓት ፊት ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው ሲያሾሉ ራዲየሙን ዋጡት፤ በ1920ዎቹም ብዙዎቹ አጥንታቸው እየበሰበሰ ሞቱ። ከእነርሱም አምስቱ ያቀረቡት ክስ በ1928 ዓመት በካሣ አልቋል። እንግዲህ ያረጀ ፊት በቤት ውስጥ ከፍቶ መፋቅ ዋጋን ከማጐደሉም በላይ አደገኛ ነው። ለልጆች መጫወቻ አድርጎ መስጠትም አይገባም።

አሁን ወደ ዋጋው ነገር እንመለስ። አሮጌ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች የሚገዙት የሚቈጥር መኪና አይደለም፤ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ አዲስ ሰዓት ከእርሱ ይልቅ በትክክል ይቈጥራልና። የሚፈልጉት በዚያ ዘመን በዚያ እጅ እንደ ተሠራ ሳይለወጥ የቀረውን ነው። ስለዚህ በሚፈለጉት ሰዓቶች ዘንድ የታደሰ ፊት ያለው፥ ፊቱ ካልተነካው መሰሉ ጋራ ሲነጻጸር፥ ብዙ ጊዜ የዋጋውን እኩሌታ ወይም ከዚያ የበለጠ ያጣል። በተራ ሰዓት ላይ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ከዚያም ቢሆን አይቀርም። ጥቂት ቢጫ የሆነ፥ ጥቂትም ነጥብ ያለበት የጥንት ፊት፥ እንደ መስተዋት ከሚያበራው አዲስ ቅብ ይልቅ ይከብራል።

ፊት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማስረዳት የሮሌክስን ዴይቶና መጥቀስ ይበቃል። ቍጥሩ 6239 የሆነው የዚህ ሰዓት ዓይነት በተለመደ ፊትም በሌላ ልዩ ዓይነት ፊትም ይሸጥ ነበር። መኪናውና ቀፎው አንድ ሆኖ ሳለ፥ ዛሬ በፖል ኒውማን ስም የሚጠራው ልዩ ፊት ያለበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ያወጣል። የፊልም ተዋናዩ የፖል ኒውማን የራሱ የነበረው ሰዓት በኒው ዮርክ በፊሊፕስ የሐራጅ ቤት በኦክቶበር 26 ቀን 2017 በ17 ሚሊዮን 752 ሺህ 500 የአሜሪካ ብር ተሸጠ። በእርግጥ ለዚህ ዋጋ የባለቤቱም ስም ምክንያት ሆኗል። ነገር ግን በዚህ ልዩነት ምክንያት በተለመደው ሰዓት ላይ አስመስለው የሠሩትን ፊት እየገጠሙ የሚሸጡ አታላዮች ተነሥተዋል፤ ስለዚህ ገዥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው ፊቱን ነው።

ከአገራችን ታሪክ ጋራ የተያያዘም ምሳሌ አለ። የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው፥ ቍጥሩ 2497 የሆነው የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት፥ ቀንና ወርን ከጨረቃ መልክ ጋራ የሚያሳይ ነው። በኖቬምበር 2015 በዠኔቭ በክሪስቲስ የሐራጅ ቤት ሊሸጥ ቀርቦ ሳለ የባለቤትነት ክርክር ስለ ተነሣበት ከሽያጩ ወጣ፤ በኖቬምበር 2017 ግን በዚያው ከተማ 2 ሚሊዮን 900 ሺህ የስዊስ ፍራንክ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። በውስጡ ያለው ወርቅ ተመዝኖ ቢሸጥ ከዚህ ገንዘብ እጅግ ጥቂቱን እንኳ አያወጣም። የተሸጠው ታሪኩ ነው፤ ታሪክም የሚታመነው ምልክቱ ሳይደመሰስ ሲቀር ነው።

እኔ በጸሓፊነት በማገለግልበት በፍርድ ቤትም የማየው ይህንኑ ነው። የተፋቀና በላዩ የተጻፈበት ውል በቀረበ ጊዜ ዳኛው አዲሱ ጽሑፍ ማማሩን አይጠይቅም፤ ከሥሩ ምን እንደ ነበረ ይጠይቃል እንጂ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁም የተፋቀ ብራና አይቻለሁ፤ ዳግመኛ የጻፈበት ሰው እጁ ያማረ ቢሆንም የቀድሞው ጸሓፊ ቃል አልተመለሰም። የሰዓትም ፊት እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል? አሮጌ ሰዓት የወረሰ ሰው ወደ ሰዓት ሠሪ ሲወስደው መኪናው እንዲጸዳና ዘይት እንዲቀባ ብቻ ይዘዝ፤ «ፊቱና ቆጣሪዎቹ አይነኩ» ብሎም በደረሰኙ ላይ ያስጽፍ። ከመስጠቱ አስቀድሞ ሰዓቱን በፎቶግራፍ ያስነሣ። ፊቱ ፈጽሞ ተበላሽቶ መለወጥ ግድ ቢሆን እንኳ የወጣውን አሮጌ ፊት ተቀብሎ በፖስታ ውስጥ ያኑረው፤ ለሚመጣው ገዥ ወይም ወራሽ ከአዲሱ ይልቅ ይጠቅመዋልና። የሚገዛ ሰው ደግሞ ስለ ፊቱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ቢለው ይህ ቃል ምስጋና ሳይሆን ማስጠንቀቂያ መሆኑን ይወቅ። የታደሰውን ሰዓት ዐውቆ በሚገባው ዋጋ ገዝቶ በእጁ ቢያሥር ግን ነውር የለበትም፤ ነውሩ ታድሶ ሳለ እንዳልታደሰ አድርጎ መሸጥ ነው።

ውርስ የሚካፈሉ ወንድሞችና እኅቶችም ይህን ነገር ቸል ማለት አይገባቸውም። አንዱ ሰዓቱን፥ ሌላው በዚያ ግምት ገንዘብ የሚወስድ ከሆነ፥ ግምቱ የሚደረገው የፊቱ ነገር በዐዋቂ ከተመረመረ በኋላ ይሁን። ሳይታወቅ የተደረገ ግምት ዛሬ አንዱን፥ ነገ ሌላውን ይበድላል፤ ጥቂት በሆነ ዕቃም የሥጋ ዘመድን ያጣላል።

ወንድሜ ያን ሰዓት አልሸጠውም፤ ቤቱንም በሌላ ገንዘብ ሠራ። ወደ ሰዓት ሠሪው ተመልሼ ከጥንቱ ፊት የቀረ ነገር እንዳለ ብጠይቀው፥ በዚያው ናስ ላይ ስለ ቀባው ምንም እንዳልቀረ ነገረኝ። ከዚህ በኋላ በትንሽ ወረቀት ላይ ሰዓቱ የአባታችን መሆኑን፥ የገዙበትን ዘመን፥ ፊቱም በእኔ ትእዛዝ የታደሰበትን ቀን ጽፌ፥ በስሜ ፈርሜ ከሰዓቱ ጋራ በሣጥኑ አኖርሁት። አባታችን በእጃቸው አሥረውት ሳሉ የተነሡትን ፎቶግራፍም ጨመርሁበት፤ በ4 ቍጥር አጠገብ ያለችው ነጥብ በእርሱ ላይ ትታያለች። የወንድሜ ልጆች ሰዓቱን በወረሱ ጊዜ እነርሱ አይታለሉም፥ ሌላውንም ሰው አያታልሉም።